ማትሪክ ከነቀምት ሲታይ

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጥያቄ በአንድ ወረቀት ሲጠይቅ የኖረ ፈተና ነው። አንደኛው፣ ይህ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን በሚገባ ተምሮ ጨርሷል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ልጅ ካሉት የዩኒቨርሲቲ ወንበሮች አንዱ ይድረሰው ወይ የሚል ነው። ለሁለቱ ጥያቄዎች መልሱ የግድ አንድ አይሆንም። ወንበር ባነሰበት ዓመት ጎበዝ ልጅ ውጭ ይቀራል፤ ወንበር በተትረፈረፈበት ዓመት ያልተዘጋጀው ሰተት ብሎ ይገባል። ውጤቱ ግን በአንድ ቁጥር ተጠቅሎ ስለሚመጣ ወላጁም፣ ጎረቤቱም፣ ቀጣሪውም እንደ አንድ ፍርድ ያነቡታል፤ አለፈ ወይም ወደቀ።

የዚህን ፈተና ታሪክ ከአዲስ አበባ ሆኖ መናገር የተለመደ ነው። ፈታኙ ድርጅትም፣ ሚኒስቴሩም፣ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲም እዚያው ናቸው። እኔ ከነቀምት ማየትን መርጫለሁ። ከመዲናዋ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ፣ ከጊምቢ፣ ከነጆ፣ ከደምቢ ዶሎ፣ ከሻምቡ፣ በቡሬ መንገድ ላይ ካለችው ከትንሿ ኡኬም ጋር ሆና፣ ፈተናው በመሀል አገር ደህና መስሎ በሚታይባቸው ዓመታት እንኳ ስንጥቁን ቀድማ ስታይ ኖራለች።

ወለጋ ከዘመናዊ ትምህርት ጋር የተዋወቀችው ፈተና የሚባል ነገር ሳይኖር ነው። የስዊድን ሚሲዮን ተማሪ የነበረው ኦነሲሞስ ነሲብ በ1896 ዓ.ም. ነቀምት ሲገባ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጀው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ በእጁ ነበር፤ በ1891 ስዊዘርላንድ ውስጥ የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም እንዲሁ። ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ባስተዳደሯት ከተማ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከካህናት ክስ መጥቶበት መስበክ ሲከለከል እንኳ ማስተማሩ ጨርሶ አልቆመም። ቦጂ ላይ ሌሎች የስዊድን ሚሲዮን ተማሪዎች ቀድመው ደርሰው ነበር፤ አሜሪካውያን በ1910ዎቹ ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ጀርመኖች በ1920 ወደ አይራ መጡ። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ተማሪው የሚለካው ማንበብ በመቻሉና ባለመቻሉ ነበር። መምህሩ ያውቀዋል፣ መንደሩም ያውቀዋል፤ ማኅተም ያለው ወረቀት የሚጠይቅ አልነበረም።

ከቦጂ የተነሣ አንድ ልጅ ግን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። አማኑኤል አብርሃም በ1917 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪ ሆነ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከ1936 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የትምህርት ሚኒስቴርን ሥራ በዋና ዳይሬክተርነት መራ። ያ ዘመን አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን እንደ አዲስ የጀመረችበት ነው። በ1935 ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። በክፍለ ሀገር የጎበዘ ልጅ ወደነዚህ አዳሪ ቤቶች ይላካል። የወለጋም ልጅ እንደዚያው። ሁለተኛ ደረጃ መማር ማለት አዲስ አበባ መሄድ ማለት ነበር።

እነዚያ የመጀመሪያ ተማሪዎች ሲጨርሱ ማን ይመዝናቸው? አገሪቱ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የለም። ውጭ አገር ለመማር የሚሄዱበት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሚያውቀው ወረቀት ይፈልጋል። ስለዚህ በ1930ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ልጆች የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ተቀመጡ። ጥያቄው ከለንደን ይመጣል፣ መልሱ ወደ ለንደን ይሄዳል። ማትሪክ የሚለውን መጠሪያም ያወረሰን ይኸው ፈተና ነው። ከእኛ በስተምዕራብ ያሉት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ከካምብሪጅና ከለንደን ፈተና ተላቅቀው የራሳቸውን የምዕራብ አፍሪካ የፈተናዎች ምክር ቤት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ኢትዮጵያ በጥቂቱ ትቀድማለች፤ በ1942 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ሰርተፊኬት ፈተና ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን አባል አባ ሉሲየን ማት የሚመሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ።

ሁለቱ ቀናት ይህን ያህል መቀራረባቸው የፈተናውን ዕድል ወስኗል ባይ ነኝ። መልቀቂያ ተብሎ የተወለደው ፈተና ገና ዓመት ሳይሞላው የመግቢያ በር ጠባቂ ሆነ። በ1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ደግሞ ፈተናውን የማዘጋጀቱና የማስተዳደሩ ሥራ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተጣበቀ። ተቀባዩ ራሱ ፈታኝ ሲሆን የሚጠይቀው እኔ ማንን ልውሰድ የሚለውን ነው። የቀሩት ምን ይዘው ወጡ የሚለው የእሱ ጉዳይ አይሆንም።

ለወለጋ ልጅ አንድ ተጨማሪ ሸክም ነበረው። በንጉሡ ዘመን ለዩኒቨርሲቲ ከሚያበቁት የማትሪክ የትምህርት ዓይነቶች መካከል እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አማርኛ የግድ የሚፈለጉ ነበሩ። ኦሮምኛ እየተናገረ ያደገ የነጆ ወይም የአይራ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በአማርኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው በእንግሊዝኛ፣ የሚፈተነውም በሁለቱ ነው። በእናቱ ቋንቋ የሚያውቀውን የሚጠይቀው ወረቀት ከአንደኛ እስከ 12ኛ ክፍል አልነበረም። ከኦነሲሞስ መጽሐፍ የተነሣ አገር ይህን ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። ቂሙ በኋላ የፖለቲካ ጥያቄ ሆኖ ብቅ ሲል ብዙዎች ከየት መጣ ብለው ተገርመዋል፤ የማትሪክ ውጤት የተለጠፈበትን ሰሌዳ ያየ ሰው ባልተገረመ ነበር።

በ1950ዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ራሱ ወደ ክፍለ ሀገር ወረደ። ችግሩ መምህር ነበር። በ1955 መጀመሪያ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ከተመደቡባቸው ከተሞች መካከል ነቀምትና ጊምቢ ይገኙበታል። ከ1957 ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ የሚያዘው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ፕሮግራም የማትሪክ ሰቃዮችን መልሶ ወደ ገጠር ከተሞች ላካቸው፤ አብዛኞቹም መምህር ሆኑ። ገና ትናንት ፈተናውን ያለፈ ወጣት ዛሬ ለፈተናው የሚያዘጋጅ ሆነ። ይህ ነገር ፈተናውን ከማሻሻል ይልቅ አስማት አስመሰለው። ያለፈው የማለፊያውን ብልሃት ያውቃል፤ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ከመማሪያ መጽሐፉ የበለጠ ተነባቢ ሆኑ። እስከ ዛሬም ናቸው።

ደርግ ሲመጣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረና ዩኒቨርሲቲውና የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎች ተዘጉ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ቻይና በባህል አብዮቷ ዘመን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋን ከ1966 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. አጥፍታው ነበር። የእኛ አብዮት ፊውዳሉንና ባለ ርስቱን ሲያፈርስ ማትሪክን ግን አልነካውም። ዘመቻው ሲያበቃ ፈተናው እንደነበረ ቀጠለ፤ ኃላፊነቱ ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ገባ እንጂ።

በዚያ ዘመን ነው ማትሪክ የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ የሆነው። ከዚያ በታች የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ አለ፤ ከላይ ማትሪክ። አድሚሽን ካርድ ይታደላል፣ ኮድ ይሰጣል፣ በእርሳስ ይጠቆራል፣ ከወራት በኋላ ውጤት ይመጣል። የተሻሉት አምስት የትምህርት ዓይነቶች ተደምረው ከ4 ነጥብ ይሰላሉ። 4 ነጥብ ያመጣው ልጅ ስሙ ከተማው ውስጥ ይዞራል፣ 1 ነጥብ ከምናምን ያመጣው ቤት ይቀመጣል። ፖይንት ያልመጣለት በግል ተመዝግቦ ይደግማል፣ አንዳንዱ ሦስቴ ይደግማል። የዩኒቨርሲቲው ወንበር በጣም ጥቂት ስለነበረ ብዙኃኑ ከበሩ ተመልሰዋል።

ነቀምት ግን ለተመላሾቹ ሌላ በር ነበራት፤ የነቀምት መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም። 12ኛን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ወጣት ለአንድ ዓመት ሠልጥኖ የአንደኛ ደረጃ መምህር ይሆናል። ስለ ማትሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሲዘነጉ አያለሁ። በመቶ የሚቆጠሩ የወለጋ ገጠር ትምህርት ቤቶች የቆሙት ማትሪክ ወድቀዋል በተባሉ መምህራን ትከሻ ነው። ፈተናው ወንፊት ከሆነ፣ የወለጋ ልጆች ፊደል የቆጠሩት በወንፊቱ ካለፉት እጅ አይደለም። በዚያ ዘመን አነጋገር 12 ያጠናቀቀ ማለት ራሱን የቻለ ማዕረግ ነበር፤ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ፣ የኅብረት ሥራ ሒሳብ ያዥ፣ የጤና ረዳት ለመሆን ያበቃል። ወረቀቱ ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ላይ ቢጠይቅም፣ ሥራ ገበያው ለመጀመሪያው ጥያቄ የራሱን መልስ ይሰጥ ነበር።

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ጉድ በግልጽ ለመፍታት የሞከረ የመጀመሪያው ሰነድ ነው፤ በሌላ ብዙ ነገር ቢወቀስም ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያዩ። ከ1993 ጀምሮ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ በ10ኛ ክፍል እንዲያበቃ ተደርጎ እዚያ ላይ መልቀቂያ ፈተና ተቀመጠ። ከዚያ በላይ ያሉት ሁለት ዓመታት መሰናዶ ሆኑ፤ በ1995 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተናን ተፈተኑ። በ10ኛው ያልቀናው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል፤ በ12ኛው የሚቀመጠው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ብቻ ነው። ፈታኙም ብሔራዊ የፈተናዎች ድርጅት ሆኖ ራሱን ቻለ፤ በ2004 ደግሞ የአገር አቀፍ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች ኤጀንሲ ተባለ።

በወለጋ ከዚህ ጋር አብሮ የመጣው ነገር ይበልጥ ትልቅ ነበር። ከ1984 ጀምሮ ኦሮምኛ በቁቤ ተጽፎ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በቋንቋው ይማራል፣ የ8ኛ ክፍሉን ፈተናም በቋንቋው ይፈተናል፤ ኋላም አፋን ኦሮሞ ራሱ ከሚፈተኑት የትምህርት ዓይነቶች አንዱ ሆነ። ያ የአያቶቹ ቂም በአንድ በኩል ታከመ። በሌላ በኩል 9ኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ከዓመት በኋላ የ10ኛ ክፍል መልቀቂያ ይጠብቀው ነበር። ባዮሎጂውን ያውቀው ይሆናል፣ ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ ግን አያውቀውም። ይህን ችግር መፍታት የፈተናው ሥራ አይደለም፤ ዋጋውን ግን ልጁ የሚከፍለው ፈተናው ላይ ነው።

በ1999 ነቀምት የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ዙር ከተከፈቱት 13 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ በኋላ ጊምቢና ሻምቡ ላይ ካምፓስ ከፈተ፣ ደምቢ ዶሎም ራሷን የቻለ ዩኒቨርሲቲ አገኘች። ወንበር በዛ። ወንበር ሲበዛ ደግሞ የፈተናው እውነተኛ ጠባይ ይፋ ወጣ። የመግቢያው ነጥብ በየዓመቱ የሚወሰነው በልጁ ዕውቀት ሳይሆን በወንበሩ ብዛት ነበር። ሚኒስቴሩ ውጤቱን ይደረድራል፣ ወንበሩን ይቆጥራል፣ መስመሩን ያሰምራል። ለሴቶች ዝቅ ይላል፤ ለአዳጊ ክልሎች ዝቅ ይላል፤ በዚህም ምክንያት ምዕራብ ወለጋ ላይ ያለ ልጅና ወሰን ተሻግሮ ቤኒሻንጉል ውስጥ ያለ ጎረቤቱ በተለያየ መስመር ይዳኙ ነበር። ከግማሽ በታች አምጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው እየበዛ ሄደ። ማንም ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ መግቢያ ፈተና የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ስህተቱ ያን መስመር ማለፊያ ብሎ መጥራት ነበር።

ኩረጃም በዚያው ልክ ተስፋፋ። ልጁ ብቻ አይደለም የሚኮርጀው። ትምህርት ቤቱ ውጤቱ እንዲያምር ይፈልጋል፣ ወረዳውና ዞኑም እንዲሁ። ፈታኙ መምህር የአካባቢው ሰው ነው፣ አጥብቆ ቢቆጣጠር ማታ ቤቱ የሚሄደው በዚያው ሰፈር ነው። ስልክ ሲመጣ መልሱ ከፈተና ክፍል ውጭ ተሠርቶ ይገባ ጀመር። ይህ የወለጋ ብቻ ታሪክ አይደለም፤ ከአገሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ የሆነ ነው።

ከዚያ 2008 መጣ። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ጊንጪ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን ሲያዳርስ የብዙ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ለሳምንታትና ለወራት ተዘጉ፤ የወለጋዎቹም ከነዚሁ መካከል ነበሩ። ተማሪዎች ታሰሩ፣ ተገደሉ። ግንቦት ሲደርስ ግን የፈተናው ቀን ያው የቀደመው ቀን ነበር። ፈተናው ይራዘም የሚል ጥያቄ ቀረበ፤ አልተሰማም። ግንቦት 22 ቀን ሰኞ፣ ወደ 254 ሺህ ተማሪዎች ሊቀመጡ በተዘጋጁበት ዕለት፣ የእንግሊዝኛው ፈተና ወረቀት በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተዘርግቶ ታየ። ያወጡት በውጭ አገር ያሉ የኦሮሞ አክቲቪስቶች ነበሩ። መንግሥት ፈተናውን ሰረዘ። አዲሱ ፈተና የተጀመረው ሐምሌ 4 ነው፤ በዚያ ሰሞንም ፌስቡክና መሰሎቹ ተዘጉ። በ2009 ፈተና ሲመጣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ በሰኔ 2011 እንደገና ተቋረጠ። ለጥቂት ሺህ ፈተና ጣቢያዎች ሲባል አገር በሙሉ ከመስመር ወጣ።

ስለ 2008ቱ ክስተት ብዙ ተጽፏል፤ አንድ ነገር ግን በደንብ የተነገረ አይመስለኝም። ፈተናውን ያወጡት ሰዎች የጠየቁት ፈተናው ይቅር ብለው አይደለም። የጠየቁት ጊዜ ነው። ልጆቻችን ሳይማሩ ከተማሩት ጋር በአንድ ቀን አይፈተኑ ነው ያሉት። ያም ጊዜ ተገኘ፤ ከግንቦት 22 እስከ ሐምሌ 4 ልክ ስድስት ሳምንት ነው። በዚያ ሁሉ ቁጣ መሀል፣ መንግሥትን ጨርሶ በማያምን ሕዝብ ዘንድ፣ መንግሥት የሚያዘጋጀው ፈተና ራሱ ቅቡልነቱን አላጣም ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሜሪካ ውስጥ የማሳቹሴትስ ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ድምፅ ሰጥተው የግዛቱን ፈተና ለሁለተኛ ደረጃ ምረቃ ግዴታ መሆኑን አስቀርተዋል። ኒውዮርክም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሰጥ የኖረውን የሪጀንትስ ፈተና ከምረቃ መስፈርትነት ለማውጣት ወስናለች። እዚያ ያለው ክርክር የመምህሩ ውጤት ይበቃል የሚል ነው፤ ልጁን አራት ዓመት ያየው እሱ ነውና። እኛ ዘንድ የመምህሩን ውጤት ማን ያምነዋል? የአዲስ አበባ ውድ የግል ትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት በዘጠናዎች የተሞላ ነው። ላብራቶሪ የሌለው፣ የፊዚክስ መምህር በዓመት ሁለት ጊዜ የሚቀየርበት የነጆ ወይም የኡኬ ትምህርት ቤትም ዘጠና መስጠት ይችላል። ሁለቱ ዘጠናዎች ጎን ለጎን ቢቀርቡ የሚመረጠው የትኛው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሁለቱ ልጆች በአንድ ማሽን የሚታረሙበት ብቸኛው ወረቀት አገር አቀፉ ፈተና ነው። በስም፣ በዘመድ፣ በቋንቋ ሳይሆን በኮድ የሚታወቁበት። ስለዚህም ከመሀል ርቆ ያለ ወላጅ ፈተናውን ይረግመዋል እንጂ አይጠላውም።

የሆነው ሆኖ በ1993 ሥራ ላይ የዋለው መለያየት ሃያ ዓመት እንኳ አልቆየም። አዲሱ የትምህርት ፍኖተ ካርታ ሲመጣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አንድ ሁለተኛ ደረጃ ተባለ፤ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2011 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጠ። ሁለቱ ጥያቄዎች ወደ አንድ ወረቀት ተመለሱ። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ደግሞ በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ቆየ፤ በዚህ ጊዜ ምክንያቱ ፈተና ሳይሆን በአካባቢው የነበረው የታጣቂዎችና የመንግሥት ኃይሎች ውጊያ ነበር። መስመሩ የተለቀቀው ኮቪድ ሲገባ ነው፣ ኮቪድ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ዘጋው። የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 2013 ተገፋ። በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ከዚያ በኋላም በታጣቂዎችና በመንግሥት ኃይሎች ውጊያ የተዘጉና የተቃጠሉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ከቀዬው የተፈናቀለ ቤተሰብ ልጁን የት እንደሚያስመዘግብ ሳያውቅ ዓመቱ ያልፋል።

በዚህ ሁኔታ ላይ ነው የ2014ቱ ለውጥ የደረሰው። የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ቀየሩ። አንደኛ፣ ወረቀቱ ወደ ተማሪው መሄዱ ቀርቶ ተማሪው ወደ ወረቀቱ ይሂድ ተባለ። በ2015 መጀመሪያ ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ተጓጉዘው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድረው በማያውቁት መምህር ፊት ተፈተኑ፤ ስልክ የለም፣ ጌጣጌጥ የለም፣ በሩ ላይ ፌዴራል ፖሊስ። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶ ማምጣት ግዴታ ሆነ። መስመሩ ከወንበሩ ብዛት ተላቀቀ።

ውጤቱ ጥር 2015 ላይ ሲነገር አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፤ 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት 845,099 ተፈትነው 27,267 አለፉ፤ ባዶ የቀሩት ትምህርት ቤቶች 1,328 ደረሱ። ኩረጃው ምን ያህል ይሸፍን እንደነበር የታየው ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ለውጡ መመስገን አለበት፤ ልጁን በሐሰት ከማሳለፍ እውነቱን መንገር ይሻላል።

ነገር ግን 50 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ ረጋ ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ጥያቄዎቹ አራት ምርጫ ያላቸው ናቸው። ምንም ሳያነብ እርሳሱን እንደ ዕጣ የሚጥል ልጅ በአማካይ 25 በመቶ ያገኛል፤ ከ600 ሲቆጠር 150 ማለት ነው። ማለፊያው 300 ነው። ስለዚህ የተማሪው እውነተኛ ዕውቀት የሚለካው በ150ና በ600 መካከል ባለው ቦታ ላይ ነው እንጂ ከዜሮ ጀምሮ አይደለም። በተጨማሪ አንድ ዓመት ጥያቄው ትንሽ ቢከብድ፣ ሌላ ዓመት ትንሽ ቢቀል፣ ያ 50 ያው 50 አይሆንም። ፈተና አውጪዎች የሁለት ዓመት ወረቀቶችን ክብደት የሚያመዛዝኑበት ስሌት አላቸው፤ ቁርጥ ያለ ሙሉ ቁጥር በሕግ ሲቀመጥ ግን ያ ስሌት ቦታ ያጣል። 50 ለጆሮ ጥሩ ቁጥር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ዕውቀት ልክ እዚያ ላይ እንደሚያበቃ ያረጋገጠልን ግን የለም።

አንድም ልጅ ያላሳለፈ ትምህርት ቤትስ? እንዲህ ያለው ውጤት ስለ ልጆቹ የሚናገረው ትንሽ ነው፤ የሚናገረው ስለ ቤቱ ነው። ፍርዱ የሚጻፈው ግን በልጆቹ ስም ላይ ነው። በ10ኛ ክፍል የሚሰጠው መልቀቂያ ከቀረ ወዲህ 12 ዓመት ተምሮ 280 ያመጣ የሻምቡ ልጅ በእጁ የያዘው የውጤት ወረቀት መጨረሱን ሳይሆን መውደቁን ይመሰክርበታል። አባቱ በደርግ ዘመን በዚያው ልክ በሆነ ውጤት መምህር ሆኖ ጡረታ ወጥቷል። ሚኒስቴሩ ይህን አላየም አይባልም፤ ከ50 በታች ካመጡት የተሻሉትን እየመረጠ የሚያካክስ ሪሜዲያል ትምህርት ጀምሯል። ይህ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስድ ሌላ በር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለትም መጨረስ፣ አሁንም የራሱ ወረቀት የለውም።

የኋላ ኋላ ቁጥሩ መሻሻል ጀምሯል። በ2016 ከተፈተኑት 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ አልፈዋል፤ ያለፉት ቁጥር 48,929 ደርሷል። ዜናው በዚህ ሲቆም አነበብኩ። የተፈታኙን ብዛት ጎን ለጎን ያስቀመጠው ግን ጥቂት ነው፤ በ2014 ወደ 900 ሺህ የተጠጋው ተፈታኝ በ2017 ወደ 585 ሺህ ወርዷል። የማለፊያው መቶኛ ከፍ ያለው በአንድ በኩል ያለፉት ስለበዙ ነው፣ በሌላ በኩል የሚቀመጡት ስላነሱ።

ፈተናው አሁን በኮምፒውተርም እየተሰጠ ነው። ነቀምት ላይ መብራትና መስመር እስካለ ድረስ ይህ ጥሩ ነው፤ የታሸገ ወረቀት በፖሊስ አጅቦ ከማጓጓዝ ይቀላል። ለተዘጉት ትምህርት ቤቶች ግን ቴክኖሎጂው የሚመልሰው ነገር የለም። እነሱን የሚመለከተው ነገር ሌላ ቦታ ተፈጽሟል። በአገሪቱ ሰሜን የነበረው ጦርነት ሰሜን ወሎን ሲያውክ በ2014 ፈተናው ላመለጣቸው ተማሪዎች ሁለተኛ ዙር ተዘጋጀ። በትግራይ ለዓመታት ትምህርት ተቋርጦ ስለነበር በ2016 መጀመሪያ ለክልሉ ተማሪዎች የተለየ ፈተና ተሰጠ። ይህ ማለት ፈታኙ ድርጅት ሁለተኛ ወረቀት ማዘጋጀት፣ ሁለተኛ ቀን መቁረጥ፣ ውጤቱንም ከሌላው ጋር ማስተያየት ይችላል ማለት ነው። በ2008 ይራዘም ተብሎ ሲጠየቅ የተከለከለው፣ ወረቀቱ ሲወጣ ተገዶ የተሰጠው ጊዜ፣ ዛሬ በደንብ የሚታወቅ አሠራር ሆኗል። በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ትምህርት ቤታቸው ዓመቱን ሙሉ ሳይከፈት የቀረባቸው ልጆች ይህን አሠራር ለመጠየቅ ወረቀት ማውጣት አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው የዞኑ ትምህርት መምሪያ የተዘጉትን ቀናት ቆጥሮ ከምዝገባ በፊት አዲስ አበባ እንዲያደርስላቸው ነው።